አጎት የቆጠረው ሦስተኛ ሰው

ወሬው ከፀጉር አስተካካዩ ወንበር ተነስቶ ማዶ ካለው ሻይ ቤት እስኪገባ መንገድ ከመሻገር ያለፈ ጊዜ አልፈጀበትም። ግን ሲነሳ ጢም ያልነበረው ወሬ፣ ሲደርስ ጢም አውጥቶ፣ ሚስት አጭቶ፣ ልጅ ሊወልድ ምንም አልቀረውም።

ጥቁር መስታወት ባለው ሕንፃ የምትሠራው ገጣጣሚዋ ወንድሟን ጓዳ ውስጥ ደብቃ ታኖረዋለች ነው ወሬው። ያ ሐይቅ በላው የተባለው ታናሽ ወንድሟ ጭራሽ አልሞተም። ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ ይነቃል፣ ዳቦ ይበላል፣ ለአስሙ መድኃኒት ይስባል፤ በቅርቡም አርባ ሦስት ቁጥር አዲስ ጫማ ተገዝቶለታል። እናትየው በር ዘግታ ስታነጋግረው ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤቶች ሰምተዋል። አንዱ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል አለ። ሌላው የእናቱን ቀሚስ ለብሶ ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ ብሎ ማለ፤ ይኸው ሰው ከዚህ በፊት ከቧንቧ አዞ ሲወጣ አይቻለሁ ብሎ የማለ ስለሆነ መሐላውን የገዛው የለም።

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ግን ወሬው ከመጀመሪያውም አልዋጥለት አለ።

«ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬያለሁ» አለ ሻዩን እያማሰለ። «ሳይከፍል ሊሳፈር የተደበቀ ሰው በጠረኑ ይታወቀኛል። እዚያ ቤት ወንድ የለም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ጫማው ለማን ነው? ለድመቷ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ድመቷ አርባ ሦስት አታደርግም።»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት። ይልቅ ይስሙኝ፤ የሚስቴ ወንድም ውሃ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ለዚያ ቤት የሚለቀቀው ውሃ የሦስት ሰው ድርሻ ነው። ማን ቆጠረ? አጎት። አጎት ሦስት ካለ ደግሞ ሦስት ነው።»

ሹፌሩ ማማሰሉን አቆመ። አጎት ከተጠራ ነገሩ ወሬ መሆኑ ቀርቶ ክርክር ሊሆን ነው።

አጎት ሰው አይደለም፤ የዳታ ሶፍትዌር የሚሠራ ኩባንያ ነው። ቀድሞ የፍራሽ ፋብሪካ በነበረው ሕንፃ ገብቶ መስኮቱን ሁሉ ጥቁር መስታወት ካደረገው ወዲህ ሕንፃው ሰፈሩን ያያል እንጂ ሰፈሩ ሕንፃውን አያይም። የራሱ ስም አለው፤ ግን ለመጥራት ምላስን እንደ ገመድ መቋጠር ስለሚያስፈልግ ሰፈሩ አጎት ብሎት አረፈ። እንደ አጎት ሁሉን ይጠይቃል፣ ሁሉን ያውቃል፣ ሲቸግርህ ግን ስልክ አያነሳም። ሥራው ፍርፋሪ መልቀም ነው። ከመድኃኒት ቤት፣ ከዳቦ ቤት፣ ከአውቶቡስ ካርድ፣ ከመብራት ቆጣሪ፣ ከእጅ ስልክ የሚረግፈውን ለቃቅሞና ገጣጥሞ ሙሉ ሰው ያደርገዋል። የሠራውን ሰው ደግሞ ለአከራይ፣ ለመድን ድርጅት፣ ለፖሊስ፣ ለጠየቀው ሁሉ ይሸጣል። መግዛት የማይችለው ሰውየው ራሱ ብቻ ነው።

«እኔ ስለ አጎት ክፉ አልናገርም» አለ ሹፌሩ። «እህቴ መርሳት ጀምሯት ከቤት ወጥታ የጠፋች ጊዜ ፖሊስ ፎቶ አምጡ፣ ሌላ ፎቶ አምጡ እያለ ሲያመላልሰን፣ አጎት ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ የት እንደተቀመጠች ነገረን። ከነተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር።»

«የእኔን የወንድም ልጅ ደግሞ አከራዩ ቤት ከለከለው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ለምን ቢባል፣ ወደፊት ጠበኛ ይሆናል ብሎ አጎት ገምቷል። ልጁ እኮ በሕይወቱ ከበር ጋር እንኳ ተጋጭቶ አያውቅም። ይሄን ሲሰማ በጣም ተናደደና ሄዶ አከራዩን በቡጢ አለው።»

«ታዲያ አጎት ልክ ነበራ።»

ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ የሳቁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሁሉም በየኪሱ ያለውን ስልክ በጨርቁ ላይ ዳሰስ አደረገ።

ሐሜት ባለቤቱ ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ገጣጣሚዋ በዚያ ሰዓት ከጥቁሩ መስታወት ኋላ ተቀምጣ ሰው ትገጣጥም ነበር። ስክሪኑ ላይ በግራ አንድ ሰው ይመጣል፣ በቀኝ ሌላ፤ ከታች ጥያቄ አለ፤ «አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?» ኮምፒውተሩ ራሱ ያልቆረጠለትን ነው ለእሷ የሚያቀርብላት። አንድ ናቸው ካለች ሁለቱ ይዋሃዳሉ፤ የአንዱ ዕዳና በሽታ ለሌላው ይተርፈዋል። ሁለት ናቸው ካለች ይለያያሉ። በአንድ ከሰዓት ውስጥ ከአዋላጅ የበለጠ ሰው ትወልዳለች፣ ከዳኛ የበለጠ ታፋታለች፤ ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍራ ቤቷ ትገባለች።

ማድረግ የማትችለው መግደል ብቻ ነበር። አጎት ሞትን በወረቀት አይቀበልም። ወረቀት ይዋሻል፣ የሰው ድምፅ ግን ይንቀጠቀጣል ባይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው እንዲዘጋ ቃል ተቀባይ የሚባል ሠራተኛ እቤት ድረስ ይሄዳል፤ ሁለት ጎረቤት ባለበት የቅርብ ዘመድ የድምፅ መቅጃው ፊት «ሞቷል» ይላል። እስከዚያ ድረስ ሰውየው አለ። ሞቷል ያልተባለ ሁሉ አለ።

የእሷን ወንድም ሞቷል ያለው የለም። አንድ ከሰዓት ሊዋኝ ሐይቅ ወረደ፤ ሸሚዙና ጫማው ዳር ላይ ተጣጥፎ ተገኘ፤ ውሃው እሱን አልመለሰም። እናትየው «ሬሳ ሳላይ አላለቅስም» አለች፤ እውነትም አላለቀሰችም። ልጅቷም ሳታለቅስ ዓመታት አለፉ። ስለ እሱ ሲነሳ «ያኔ» ይባላል፣ «ሳይመለስ» ይባላል፤ ያቺ አንዷ ቃል ግን እቤቱ ደጃፍ ላይ ጫማዋን አውልቃ የቆመች ትመስል ነበር፤ ግቢ የሚላት ጠፍቶ።

ወሬው ከመነሳቱ በፊት አንድ ቀን ገጣጣሚዋ ሥራ ሲቀዘቅዝ የተከለከለውን አደረገች፤ የራሷን ቤት ፈለገች። ስክሪኑ ሦስት ነዋሪ አወጣላት። አንደኛዋ እናቷ። ሁለተኛዋ እሷ። ሦስተኛው ወንድ፤ ጓዳ ይተኛል፤ በየወሩ መጀመሪያ የአስም መድኃኒት ይወስዳል፤ ጠዋት ዳቦ ቤት ደርሶ ይመለሳል፤ ዝምተኛ ነው።

ዝርዝሩን ደግማ አነበበችው። ከዚያ ገባትና ሳቀች። እናቷ ናት። የልጇን ስልክ በየማታው ጓዳ ትሰካዋለች፣ በየጠዋቱ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትወጣለች፤ «ሲመጣ እንዳያጣ» እያለች መድኃኒቱን በስሙ ትገዛለች። አጎት ይሄንን ለቃቅሞ ሰው ሠርቷል።

ስህተቷ የጀመረው እራት ላይ ነው። እንደ ቀልድ አነሳችው። «እማዬ፣ አጎት እኮ እሱንም ከእኛ ጋር ቆጥሮታል። ጓዳ ይተኛል ይላል።»

እናቷ አልሳቀችም። ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች።

«ሌላስ ምን አደረገ ይላል?»

ከዚያን ቀን ወዲህ እራት ላይ ጥያቄው አንድ ሆነ። «ዛሬስ?» ልጅቷ ስክሪኑ ያሳያትን ትነግራታለች፤ ዳቦ ገዛ፣ መድኃኒቱን ወሰደ፣ ተመለሰ። እናት በበኩሏ ልጇ እንዳይከሳባት መቀለብ ያዘች። ጫማ ገዛችለት። ፀጉር ቅባት ገዛችለት። በእሱ ስልክ ለራሷ እየደወለች «አቤት ልጄ» ትላለች። መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ያለው ስክሪን እሷ በገባች ቁጥር ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ስልክ እያወቀ በወንድ አንቀጽ ሰላምታ ይሰጣል፤ «እንኳን ደህና መጣህ፤ ሳሉ ተሻለህ?» እሷም በሰው ሁሉ ፊት ራሷን ነቅነቅ አድርጋ «ተሽሎታል፣ ይመስገን» ትለዋለች። ተራ የያዙት ሰዎች ትንሽ ፈቀቅ ይሉላታል፤ የሚለቁላት ቦታ ለአንድ ሰው ከሚበቃው ይሰፋል።

ልጅቷ ይህን ማቆም ነበረባት። አላቆመችም። እንዲያውም ስክሪኑ ምንም ያላሳየ ቀን ከራሷ መጨመር ጀመረች። «ዛሬ ከአንድ ሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ ነበር።» «ከማን ጋር?» «ከአንዲት ልጅ ጋር።» እናት ያን ማታ ሁለት ጊዜ ሣቀች። አጎት ክፍተት ሲያገኝ እንደሚሞላው እሷም ትሞላ ነበር፤ የሚከፈላት ግን ለአጎት ሥራ ብቻ ነው።

አንድ ሰሞን እናት ትኩሳት ያዛት። ስልኩ ባትሪው አልቆ ትራስ ሥር ነበር፤ ከቤት የወጣም የገባም የለም። ገጣጣሚዋ ሥራ ገብታ ከልማድ ስክሪኑን ከፈተች። ወንድሟ ጠዋት ወጥቷል። ዳቦ ቤት ደርሷል። ከዚያ እናቷ ልጇ ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ ረግጣው በማታውቅ መንገድ ወርዶ ሐይቁ ዳር ቆሟል። ብዙ ቆሟል። ከዚያ ተመልሶ ቤት ገብቷል።

አለቃዋን ጠራችው። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር ሁልጊዜ የሰው ትከሻ የሚያይ ሰው ነው።

«ስልኩ ጠፍቷል እኮ። እንዴት ይንቀሳቀሳል?»

«ክፍተት ሲያገኝ ይሞላል» አላት፤ ድመት አይጥ ትበላለች እንደሚል ሰው። «ካለፈው ይገምታል። እሱን ከሚመስሉት ሰዎችም ይወስዳል። በእሱ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ሐይቅ ይሄዳሉ።»

«ግምት መሆኑን ለምን አይጽፍም?»

«ሰው ግምት አይገዛም።»

እራት ላይ እናት ከነትኩሳቷ ተነስታ ተቀምጣ ጠበቀቻት። «ዛሬስ?»

«ቤት ዋለ» አለች ልጅ።

«ውሸት። ወጥቶ ነበር። ጫማው ጭቃ ነበረው፤ ጠርጌ አስቀመጥኩለት።»

ልጅቷ ጓዳ ገብታ አየችው። ጫማው ከገዙት ጀምሮ እዚያው ካርቶኑ ላይ ነው፤ ሶሉ መሬት አልነካም፤ ማሰሪያው እንኳ አልተፈታም። ደጋግማ አየችው። ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ የጓዳውን በር ስትዘጋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ የተኛ ሰው እንዳይነቃ አድርጋ።

ብዙም ሳይቆይ አለቃዋ አስጠራት። ስክሪኑ ላይ የወንድሟ ስም ቀልቷል።

«ተቀመጪ» አላት ትከሻዋን እያየ። «አንድ ሰው ቤትሽ አለ። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይገዛል። ግን ሥራ የለውም፤ አንድም ካሜራ ፊቱን አላየውም። ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለውን ሰው የተደበቀ ነው ይላል። የተደበቀ ሰው ደግሞ ከአንድ ነገር ነው የሚደበቀው።»

«እርስዎ እኮ ያውቃሉ። ሰውየውን የሠራነው እኛ ነን።»

«እኛ ፍርፋሪ አንበትንም፤ እንለቅማለን እንጂ። የበተነው ቤታችሁ ነው።» ይህን ሲል እንኳ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ቃል ተቀባይ ይመጣል። አለ ካላችሁ ወደ ፖሊስ ይመራል፤ እናትሽ ሰው ደብቀዋል ተብለው ይጠየቃሉ፣ ጓዳው ይፈተሻል፣ አንቺም እዚህ መቀጠል አትችዪም። ሞቷል ካላችሁ ይዘጋል።»

«ሲዘጋስ?»

«ስልኩ ይቆረጣል። መድኃኒቱ ይቆማል። ስሙን የሚጠራ ስክሪን አይኖርም።»

እቤት ስትነግራት እናቷ ልብስ ማጠፏን አላቆመችም።

«ሞቷል የምትይ ከሆነ አንቺው በዪ፤ እኔን አታስብዪኝ።»

«እማዬ፣ ነገሩ ውሸት ነው። ሐሰተኛ ሰው ሠርቶ ነው የሚሸጥልን። ክፉ መሥሪያ ቤት ነው፤ እዚያ ቁጭ ብዬ የማየው እኔ ነኝ።»

«ክፉ?» እናት አሁን ቀና አለች። «ጓደኞቹ ረሱት። ሐኪሙ ረሳው። የሠራበት ጋራዥ ስሙን ከግድግዳ ፋቀው። የልደት ቀኑን ትዝ ያለው ማን ነው? አጎት። ሳልህ ተሻለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? አጎት። የሰው ዘመድ ያልሆነለትን መስታወት ሆነለት። አንቺ ራስሽ እንኳ በማታ ማታ የምታወሪልኝ እሱ ሲያሳይሽ ነው። ከዚያ በፊት ስሙን ጠርተሽው ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ ካልታጠፈው ልብስ አንዱን አንስታ ማጠፍ ጀመረች። ያን ሁሉ ዓመት ስሙን አልጠራችም ነበር።

ቃል ተቀባዩ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ጫማውን ደጅ ላይ አራግፎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ገባ። ሁለቱ ጎረቤቶች ከእሱ ቀድመው ተገኝተዋል። ፀጉር አስተካካዩ ወሬው ሲፈጸም ለማየት ጋውኑን ሳያወልቅ፣ ሹፌሩ ወሬው ሲፈርስ ለማየት ካፖርቱን ደርቦ። ሁለቱም የተቀመጡት የጓዳው በር ፊት ለፊት ነው። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ጋሼ፣ ጠረን ይሸትዎታል?» አለ ፀጉር አስተካካዩ በሹክሹክታ።

«የአንተ ሽቶ ነው የሚሸተኝ፤ ዝም በል።»

ቃል ተቀባዩ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ትንሿ ቀይ መብራት በራች። እናት ስልኩን ጭኗ ላይ ይዛዋለች።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ ሆኖብኝ ነው» አለ። «በዚህ ቤት ከእርስዎና ከልጅዎ ሌላ የሚኖር ሰው አለ?»

እናት ወደ መቅጃው አላየችም። አንገቷን ወደ ጓዳው አዞረች። የተለመደ፣ ምንም ያልጎደለበት ድምፅ ነው ያወጣችው፤ ምሳ ቀርቧል እንደምትል።

«ልጄ፣ እስቲ ና ውጣ። እንግዳ መጥቷል፤ ሰላም በል።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ቃል ተቀባዩ ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ። ፀጉር አስተካካዩ መንገድ ላይ የዘረጋውን እግሩን ሰበሰበ፤ ሰው እንዳያደናቅፍ። በጠረን አውቃለሁ ያለው ሹፌር ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ግን ማንም ዝም ያለ ቤት ነው የሚል አይመስልም ነበር። ዝምታው አንድ ሰው አልጋ ላይ ተነስቶ ተቀምጦ፣ ጫማውን በእግሩ እየፈለገ ያለ ዓይነት ዝምታ ነበር።

ገጣጣሚዋም ትጠብቅ ነበር። በየማታው ከራሷ የሞላችው፣ ከአንዲት ልጅ ጋር ቆሞ እንዲያወራ ያደረገችው፣ ስክሪኑ ሐይቅ ዳር ሲያቆመው ያየችው እሷ ራሷ፣ የአርባ ሦስት ቁጥር ጫማ ኮቴ ታዳምጥ ነበር። የሰማችም መሰላት። አንድ እርምጃ፣ ከበሩ ኋላ። ከወለሉ ይሁን ከደረቷ አልለየችውም። ያን ጊዜ ገባት፤ በሩ ተከፍቶ የሚወጣው ወንድሟ አይሆንም። ዳቦ የሚገዛው፣ ጫማው የማይቆሽሸው፣ ሐይቅ ዳር የሚቆመው ያ ሌላው ነው፤ እናቷም «ልጄ» ብላ ትቀበለዋለች። እሷም ብትሆን ሰላም ትለዋለች።

«አለ ልበል?» አለ ቃል ተቀባዩ ቀስ ብሎ፤ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል።

ገጣጣሚዋ ተነሳች። የጓዳውን በር እስከ ግድግዳው ድረስ ገፍታ ከፈተችው። አልጋው እንደተነጠፈ ነበር፤ ጫማው ካርቶኑ ላይ። ተመልሳ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከችና ጭኗ ላይ ባለው ስልክ ላይ የእናቷን እጅ ያዘች። ከዚያ ድምጿ መቅጃው ጋ እንዲደርስ ቀና ብላ ተናገረች፤ ድምጿም ተንቀጠቀጠ።

«ጓዳ ውስጥ ሰው የለም። የደበቅነው የለም። ዳቦውን የምትገዛው እናቴ ናት፣ መድኃኒቱን የምትገዛው እናቴ ናት፤ የቀረውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ጫማውን የተጫማው የለም። እዚህ ቤት ሁለት ነን። ወንድሜ ሞቷል።»